ድንጋዩ ከየትኛው ቤተሰብ ነው? የከበሩ ድንጋዮችን ከመግዛትና ፈርጥ ከማስገጠም በፊት ለይቶ ማወቂያ ዝርዝር መመሪያ

ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ወይም በቸርችል ጎዳና ካሉ የስጦታ ዕቃ መደብሮች ባለቀለም ድንጋይ ገዝተው በኋላ የሚጸጸቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት የድንጋዩን ስም በቀለሙ ስለሚያወጡ ነው። አረንጓዴው ሁሉ ኤመራልድ፣ ቀዩ ሁሉ ሩቢ፣ ሰማያዊው ሁሉ ሳፋየር ይባላል። ነገር ግን አረንጓዴ ድንጋይ ቤሪል፣ ቱርማሊን፣ ፔሪዶት፣ ጋርኔት፣ ቀለም የተነከረ ኳርትዝ ወይም ተራ የጠርሙስ ስባሪ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ በቀለም የማይገናኙት ኤመራልድና አኳማሪን ሁለቱም ቤሪል ናቸው፤ ሩቢና ሳፋየርም አንድ ኮረንደም ናቸው። ቤተሰብን የሚወስነው ድንጋዩ የተሠራበት ንጥረ ነገርና የውስጥ አደራደሩ ሲሆን፣ ይህም በክብደቱ፣ ብርሃንን በሚያሳልፍበት መንገድና በውስጡ በያዛቸው እንከኖች ይገለጣል።

መመሪያው የሚያገለግለው ገና ጌጥ ላይ ላልተገጠመ ድንጋይ ነው። የተገጠመ ድንጋይ ለብቻው ሊመዘን ስለማይችል ዋናው ፈተና ይቀራል፤ ስለዚህ መመርመር የሚፈልጉ ከሆነ አንጥረኛው ጋር ከመሄድዎ በፊት ይመርምሩ።

ዝግጅት

የሚከተሉትን ያሰባስቡ፦ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የወርቅ ሠሪ ማጉያ መነጽር፣ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ የእጅ ባትሪ፣ ግልጽ የፕላስቲክ ብርጭቆ፣ ቀጭን የናይለን ክር፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ ሲሪንጅ፣ ፖላራይዝድ የሆነ (በአንድ አቅጣጫ የተገራ ብርሃንን ብቻ የሚያሳልፍ) የፀሐይ መነጽር፣ ላፕቶፕ፣ ጠንካራ ማግኔት፣ ነጭ ወረቀትና ማስታወሻ ደብተር። ማግኔቱ ከተበላሸ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚወጣው ዓይነት መሆን አለበት፤ የማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፈው ደካማ ስለሆነ አይረዳም።

ሥራውን መስኮት በተዘጋበት ክፍልና በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ያከናውኑ። ትንሽ ነፋስ፣ የጠረጴዛ ንቅናቄ፣ ሚዛኑ ላይ የሚያርፍ ትንፋሽ ንባቡን ያዛባል። ከሥር ነጭ ፎጣ ያንጥፉ፤ የወደቀ ድንጋይ ሲሚንቶ ወለል ላይ ቢያርፍ ጠንካራ የሚባለው እንኳ ጠርዙ ሊሸረፍ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ኦፓልን ከሌሎቹ ይለዩ

ይህን ደረጃ አይዝለሉ። ለሌሎች ድንጋዮች የሚጠቅሙት ፈተናዎች፣ በተለይም ውኃ ውስጥ መንከር፣ ለኦፓል አይሆኑም። ኦፓል ክሪስታል አይደለም፤ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች ተደርድረው በመካከላቸው ውኃ ይዘው የሚፈጠር ነው። ድንጋዩን ሲያዞሩት የሚለዋወጡት ቀለማትም የሚመጡት ብርሃን በእነዚህ እንክብሎች መካከል ሲበታተን ነው። ከወሎ፣ ከደላንታ አካባቢ የሚወጣው ኦፓል በአብዛኛው ውኃ የሚጠጣ ዓይነት ነው፤ ሲርስ እንደ መስታወት ግልጽ ይሆናል፣ የቀለም ጨዋታው ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል፣ ክብደቱም ይጨምራል።

መጀመሪያ ድንጋዩ ፍጹም ደረቅ መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ በሲሪንጁ ጫፍ አንዲት የንጹሕ ውኃ ጠብታ ባልተወለወለው ጀርባው ላይ ያሳርፉ። ጠብታዋ በቶሎ ከተመጠጠች፣ ድንጋዩም እርጥብ ጣት ላይ ጠበቅ ብሎ ከተያዘ፣ ውኃ የሚጠጣ ኦፓል ነው ብለው ይመዝግቡና ምርመራውን እዚህ ያቁሙ። ጠብታዋ ሳትመጠጥ ብትቆይ ግን «ኦፓል አይደለም» ብለው አይደምድሙ፤ በሰሜን ሸዋ ከመዘዞ አካባቢ የሚወጣው ቡናማና ቀላ ያለ ኦፓል አብዛኛው ውኃ አይጠጣም።

ጥቁር ኦፓል ከቀረበልዎ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያድርጉ። የወሎ ኦፓል ቀዳዳማ ስለሆነ በጭስ ወይም በቀለም ማጥቆር ይቻላል፤ ሥራውም ምንም ምሥጢር የለውም፣ ገዢው ካልተነገረው ግን ማታለል ነው። በማጉያው ስንጥቆቹንና ጥቃቅን ጉድጓዶቹን ይመልከቱ፤ ጥቁረቱ በእነሱ ውስጥ ተከማችቶ ከታየ የተቀባ ወይም የተጨሰ ነው።

ክብደትን በተመለከተ፣ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ኦፓል ተጠርጎ ወዲያው ሚዛን ላይ ከወጣ ውኃውንም ጭምር እየገዙ ነው። አንዳንዱ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ሊጠጣ ይችላል። በተጨማሪም እርጥበት ስንጥቅን ይደብቃል። ስለዚህ ድንጋዩ ደርቆ እንዲቆይልዎ ይጠይቁ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ዘንድ ይሂዱ። ዋጋው በግራም ይሁን በካራት አስቀድመው ያረጋግጡ፤ 1 ግራም 5 ካራት ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት ሒሳቡን አምስት እጥፍ ያዛባል።

ኦፓሉ በስሕተት ውኃ ውስጥ ቢወድቅ፦ አይደንግጡ፣ ነገር ግን አያስቸኩሉት። በለስላሳ ወረቀት ጠቅልለው ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት። ቀለሙ ለመመለስ ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ወይም ምድጃ አጠገብ ማኖር ሊሰነጥቀው ይችላል። ዘይት፣ ቅቤ ወይም ሽቶ የነካው እንደሆነ ግን ጉዳዩ ከባድ ነው፤ ውኃ ተንኖ ይወጣል፣ ቅባት ግን ውስጥ ሊቀር ይችላል። እንዲያበራ ብለው ኦፓል ላይ ዘይት የሚቀቡ ሰዎች የሚያበላሹት ራሱን ድንጋዩን ነው።

ደረጃ 2፦ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ

ማጉያውን ዐይንዎ ሥር ያስጠጉ፣ ከዚያ ድንጋዩን ጥርት ብሎ እስኪታይ ወደ ማጉያው ያቅርቡ። ብዙዎች ማጉያውን ክንድ ያህል አርቀው ስለሚይዙት ምንም አያዩም። ሁለቱንም ዐይን ክፍት ያድርጉ፤ የእጅ ባትሪውን ከጎን እንጂ ከፊት አያብሩ።

ክብ የአየር አረፋዎችና ሽሮፕ እንደተማሰለ የሚጠማዘዙ መስመሮች ካዩ ድንጋዩ መስታወት መሆኑን አጥብቀው ይጠርጥሩ፤ የተቆረጡት ገጾች ጠርዝ የተሸረሸረና ደብዛዛ መሆኑም ይህን ያጠናክራል። የተፈጥሮ ኤመራልድ አብዛኛውን ጊዜ በስንጥቆችና በጥቃቅን እንከኖች የተሞላ ነው፤ ስለዚህ ትልቅ፣ እንከን የለሽ፣ ደማቅና ርካሽ «ኤመራልድ» ደስታ ሳይሆን ጥርጣሬ ሊያሳድርብዎ ይገባል። በሳፋየር ውስጥ ቀለሙ በቀጥታ መስመር ወይም በማዕዘን የተደረደረ ከሆነ የተፈጥሮ ምልክት ነው፤ መስመሮቹ እንደ ቀስት የታጠፉ ከሆኑ ግን በእሳት ነበልባል የተሠራ ሰው ሠራሽ ኮረንደም ነው። ቀለሙ በስንጥቆች ውስጥ ብቻ ደምቆ ከታየ ድንጋዩ ተነክሯል። በመጨረሻም ድንጋዩን በጎኑ ይያዙና ወገቡን ይመርምሩ፤ በዙሪያው ቀጥ ያለ የሙጫ መስመር ወይም በአንድ ንጣፍ ላይ የተሰለፉ አረፋዎች ካሉ ሁለት ቁራጮች ተጣብቀው የተሠራ ነው።

ደረጃ 3፦ እፍግታውን ይለኩ

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተማምነው ፈተና ይህ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። ዓላማው ድንጋዩ በይዘት ከሚተካከለው ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ማወቅ ነው። ኦፓልን፣ በክር የተሰካኩ ጨሌዎችንና ተጣብቀው የተሠሩ ድንጋዮችን በዚህ መንገድ አይመዝኑ።

1. ደረቁን ድንጋይ መዝነው ቁጥሩን ይጻፉ።

2. ብርጭቆውን በግማሽ ውኃ ሞልተው ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡ። ውኃው ቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል፤ የቧንቧ ውኃ በውስጡ የሟሟ አየር ስላለው ድንጋዩ ላይ አረፋ ይሠራል። አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ፣ ነገር ግን አረፋ እስኪነሣ አያማስሉት።

3. ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ።

4. ድንጋዩን በቀጭኑ ክር አስረው ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ እስኪገባ ያንጠልጥሉት። የብርጭቆውን ሥርም ሆነ ጎን መንካት የለበትም። እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥ ክሩን በሁለት የመጽሐፍ ቁልሎች ላይ በተጋደመ እርሳስ ላይ ይሰሩት።

5. ሚዛኑ ላይ የሚታየውን አዲስ ቁጥር ይጻፉ። ይህ ቁጥር ድንጋዩ ቦታውን የያዘበት ውኃ ክብደት ነው።

6. የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር ያካፍሉ።

ለምሳሌ ደረቅ ክብደቱ 3.18 ግራም የሆነ ሐምራዊ ድንጋይ ሲንጠለጠል 1.20 ቢያሳይ፣ 3.18 ለ 1.20 ሲካፈል 2.65 ይሆናል፤ ይህ የኳርትዝ ቁጥር ስለሆነ ድንጋዩ አሜቲስት ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። 3.20 ግራም የሚመዝን ሰማያዊ ድንጋይ 0.80 ካሳየ ደግሞ ውጤቱ 4.00 ስለሚሆን ኮረንደም ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ «ሳፋየር» ተብሎ የተሰጠዎት ድንጋይ 2.5 ላይ ካረፈ ግን መስታወት ሳይሆን አይቀርም።

ውጤትዎን ከሚከተሉት ጋር ያስተያዩ፦

ኦብሲዲያን 2.4 አካባቢ
አማዞናይት፣ ከፌልድስፓር ቤተሰብ፣ 2.56
ኳርትዝ 2.65፤ የኳርትዝ ዘመዶች የሆኑት አጌትና ካልሴዶኒ 2.60 አካባቢ
ቤሪል ከ2.67 እስከ 2.80
ቱርማሊን ከ3.0 እስከ 3.2
ፔሪዶት 3.34 አካባቢ
ቶፓዝ 3.53 አካባቢ
ስፒኔል 3.60
ጋርኔት እንደ ዓይነቱ ከ3.6 እስከ 4.3
ኮረንደም 4.00
ዚርኮን 4.6 እና ከዚያ በላይ
ኪዩቢክ ዚርኮኒያ፣ አልማዝ መስሎ የሚሸጠው ሰው ሠራሽ፣ ከ5.6 እስከ 6.0

መስታወት እንደ አሠራሩ ከ2.3 ጀምሮ ከ4 በላይ ሊደርስ ስለሚችል በክብደት ብቻ አይያዝም፤ ለዚያ ቀጣዩ ደረጃ አለ።

ቁጥሩ ከየትኛውም ጋር ካልገጠመ፦ በመጀመሪያ ዘዴዎን እንጂ ድንጋዩን አይጠራጠሩ። ዝገትና ሽፋን የሌለበት ትንሽ የብረት ምስማር በተመሳሳይ መንገድ ይመዝኑ፤ ውጤቱ 7.8 አካባቢ ካልመጣ ስሕተቱ ከአሠራሩ ነው። ድንጋዩ ላይ አረፋ ከተጣበቀ ውጤቱ ከሚገባው ያንሳል፤ በቀጭን ስንጥር ነካ ነካ አድርገው ያላቅቁት። የብርጭቆውን ሥር ከነካ የሁለተኛው ቁጥር ስለሚያድግ ውጤቱ አሁንም ያንሳል። ወፍራም የጥጥ ክርም ንባቡን ያዛባል። ሦስት ጊዜ መዝነው ሦስቱም የሚቀራረቡ ከሆነ ብቻ ይመኑት።

ድንጋዩ ከ1 ግራም በታች ከሆነ የሚዛኑ የመጨረሻ አኃዝ ብቻዋን ውጤቱን በጥቂት በመቶ ታወዛውዘዋለች። ይህ ኳርትዝን ከኮረንደም ለመለየት አያግድም፤ ኳርትዝን ከቤሪል ለመለየት ግን አይበቃም። ከሻኪሶ የመጣ ኤመራልድ ነው ተብሎ የቀረበልዎ ትንሽ ድንጋይ 2.68 ቢያሳይ፣ ቁጥሩ ለሁለቱም ቤተሰብ የቀረበ ስለሆነ በዚህ ብቻ ገንዘብ አይክፈሉ።

ደረጃ 4፦ በላፕቶፕ ብርሃን ይፈትኑ

የላፕቶፕ ማያ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ የተገራ ነው። ነጭ ገጽ ይክፈቱና የፀሐይ መነጽሩን ከማያው ፊት ይዘው ቀስ ብለው ያዙሩት፤ በአንድ አቀማመጥ ማያው ሲጨልም ያያሉ። ካልጨለመ መነጽሩ ፖላራይዝድ አይደለም፣ ወይም ማያው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በጨለመበት አቀማመጥ መነጽሩን ሳያንቀሳቅሱ ድንጋዩን በማያውና በመነጽሩ መካከል ይያዙና ያሽከርክሩት። በአንድ ሙሉ ዙር አራት ጊዜ እየበራና እየጨለመ ከሄደ ብርሃንን ለሁለት የሚከፍል ክሪስታል ነው፤ ኳርትዝ፣ ቤሪል፣ ኮረንደም፣ ቱርማሊን፣ ቶፓዝና ፔሪዶት ከዚህ ወገን ናቸው። በየትኛውም አቀማመጥ ጨለማ ሆኖ ከቀረ ጋርኔት፣ ስፒኔል ወይም መስታወት ነው። ሁልጊዜ ብሩህ ሆኖ የሚቆየው ደግሞ እንደ አጌት ከብዙ ጥቃቅን ክሪስታሎች የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ብርሃን የሚከፍል ድንጋይ እንኳ በአንድ የተወሰነ አቅጣጫ ሲታይ እንደማይከፍል ይሆናል፤ ስለዚህ በሦስት የተለያዩ ጎኖች ሳይፈትሹ አይወስኑ። መስታወትም በሚቀዘቅዝበት ጊዜ የቀረ ውጥረት ስላለበት እንደ እባብ የሚሳቡ ጥላዎች ያሳያል፤ ይህን ከጥርት ያለ መብራትና መጥፋት ይለዩት። ብርሃን የማያሳልፍ ድንጋይ በዚህ ፈተና ምንም አይነግርዎትም።

ደረጃ 5፦ ቀይ ድንጋይ ከሆነ

ሩቢና ቀይ ጋርኔት በእፍግታ ሊቀራረቡ ስለሚችሉ ማግኔቱን ያውጡ። ትንሽ የስፖንጅ ወይም የፎም ቁራጭ ውኃ ላይ አንሳፈው ድንጋዩን በላዩ ያስቀምጡና ማግኔቱን ሳያስነኩ ያስጠጉ። በውስጡ ብረት ስላለ ቀይ ጋርኔት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማግኔቱ ይሳባል፤ ሩቢ ባለበት ይቆያል። የብር ኖት መመርመሪያ አልትራቫዮሌት መብራት ካለዎት በጨለማ ያብሩበት፤ ብዙ ሩቢ ቀይ ፍም መስሎ ይበራል፣ ጋርኔት አይበራም። አለመብራቱ ግን ሩቢ አለመሆኑን አያረጋግጥም፤ ብረት የበዛበት ሩቢ ብርሃኑ ይታፈናል።

ደረጃ 6፦ ውጤቱን አስተያይተው ይግዙ

ቢያንስ ሁለት ፈተናዎች ወደ አንድ ቤተሰብ ካልጠቆሙ ውሳኔ ላይ አይድረሱ። ሁለቱ ከተጋጩ፣ ለምሳሌ እፍግታው የኳርትዝ ሆኖ በላፕቶፑ ብርሃን ጨለማ ከቀረ፣ መጀመሪያ የላፕቶፑን ፈተና በሌላ ጎን ይድገሙ፤ አሁንም ካልተለወጠ መስታወት ብለው ይያዙት።

እነዚህ ፈተናዎች ቤተሰብን እንጂ ተፈጥሯዊነትን ሁልጊዜ አይነግሩም። ፋብሪካ የሠራው ሳፋየርም 4.00 ይመዝናል፤ ንጥረ ነገሩ ያው ነውና። ዋጋው የሚያሳስብዎ ድንጋይ ከሆነ የብርሃን ስብራት መለኪያ (ብርሃን ድንጋዩ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) ላለው ባለሙያ ያሳዩ፤ «እውነተኛ ነው» የሚል ቃል ሳይሆን ቁጥሩን እንዲነግርዎ ይጠይቁ። ኳርትዝ 1.54 እና 1.55፣ ቤሪል ከ1.57 እስከ 1.59፣ ቱርማሊን 1.62 እና 1.64 አካባቢ፣ ኮረንደም 1.76 እና 1.77 ያሳያሉ። ከኳርትዝ ሊለይ ያልቻለው ትንሹ ኤመራልድም በዚህ በደቂቃ ይለያል።

መደብር ውስጥ ሲሆኑ ድንጋዩን ከቢጫው የጣሪያ አምፖል ሥር አውጥተው በር ላይ፣ በቀን ብርሃን ይመልከቱት። ደረሰኙ ላይ የቤተሰቡ ስም፣ የደረቅ ክብደቱ፣ መሞቅ አለመሞቁ፣ መነከር አለመነከሩና ስንጥቁን ለመደበቅ ዘይት የገባበት መሆን አለመሆኑ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ «አረንጓዴ ድንጋይ» ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ ለክርክር አይረዳም። ከአገር ለማውጣት ያሰቡ ከሆነ ስለ ፈቃዱ ከመግዛትዎ በፊት የማዕድን ሚኒስቴርን ይጠይቁ። ድንጋዩ ስለሚያመጣው ዕድል ወይም ፈውስ የሚነገርዎ ነገር ቢኖር ዋጋው ላይ እንዳይጨመር ብቻ ይጠንቀቁ።

ደረጃ 7፦ ለቤተሰቡ የሚስማማውን ጌጥ ይምረጡ

የአቧራ ብናኝ ውስጥ ኳርትዝ አለ፤ የኳርትዝ ጥንካሬ፣ የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚያስቀምጠው የሞህስ መለኪያ፣ 7 ነው። ከዚያ የሚያንስ ድንጋይ በየቀኑ የሚደረግ ቀለበት ላይ ከዋለ በተጠረገ ቁጥር እየተጫረ ይደበዝዛል። ስለዚህ ኦፓልን፣ ጥንካሬው ከ5.5 እስከ 6.5 ስለሆነ፣ ለጉትቻና ለሐብል ያውሉት። ለቀለበት የግድ ከፈለጉት ዙሪያውን በብረት የታቀፈ እንጂ በጥፍር ብቻ የተያዘ እንዳይሆን ይዘዙ። አማዞናይትም ከ6 እስከ 6.5 ነው፤ በዚያ ላይ በሁለት አቅጣጫ በቀላሉ ይሰነጠቃል። 9 የሆነው ኮረንደም ለዕለት ቀለበት ተስማሚ ነው። ቤሪልም ከ7.5 እስከ 8 ስለሆነ ይሆናል፤ ኤመራልድ ግን በስንጥቆቹ ምክንያት እንደ ዘመዱ አኳማሪን አይቋቋምም። ቶፓዝ 8 ቢሆንም አንድ ፍጹም የመሰንጠቂያ አቅጣጫ ስላለው በአንድ ምት ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ጋርኔት፣ ቱርማሊንና ኳርትዝ ለአብዛኛው ጌጥ ይስማማሉ፤ አሜቲስትን ግን ፀሐይ ላይ ለረጅም ጊዜ አይተዉት፣ ቀለሙ ሊሳሳ ይችላል።

ለአንጥረኛው የሚከተለውን በግልጽ ይንገሩ። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ድንጋዩ መውጣት አለበት፤ ኦፓል፣ ኤመራልድና ፔሪዶት ድንገተኛ ሙቀት አይችሉም። ብረቱን ለማንጻት ድኝ አሲድ የሚጠቀም ከሆነ ፔሪዶትን አሲዱ ስለሚበላው በምንም ዓይነት አብሮ አይግባ። በድምፅ ሞገድ የሚያጥበው ማሽንና የእንፋሎት ማጽጃ ኤመራልድ ውስጥ የገባውን ዘይት ያወጣሉ፣ ኦፓልንም ሊሰነጥቁ ይችላሉ፤ ለእነዚህ እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

ድንጋዩን ከማስረከብዎ በፊት ስልክዎን በማጉያው ላይ ደግነው ጎልቶ የሚታይ አንድ እንከን ፎቶ ያንሡ፣ ደረቅ ክብደቱንም አንጥረኛው በሚሰጥዎ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ። ጌጡ ሲመለስ ድንጋዩ ስለተገጠመ መመዘን አይቻልም፤ እንከኑን ግን በማጉያው ፈልገው ከፎቶው ጋር ያስተያዩ። ካጡት ክፍያውን ከመጨረስዎ በፊት እዚያው ይጠይቁ።